ኢንስፔክተር ጉቱን የጻፈው ማነው?

ሐምሌ 2

ዛሬም ዝናብ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ደብተር የሚገዛ የለም። የሚሸጥልኝ «ፈቃድ ላይ ነኝ» የሚለው ልብ ወለድ ብቻ ነው። ሰው ጃንጥላውን እያራገፈ ይገባና «ያ የፖሊሱ መጽሐፍ አለ?» ይለኛል፤ እኔም ስለ መጽሐፉ ምንም እንደማያውቅ ሰው ከመደርደሪያው አውርጄ እሰጠዋለሁ።

ሽፋኑ ላይ «ቱፋ ይስሃቅ» ይላል። ቱፋ ይስሃቅ እኔ ነኝ፤ አሰላ ላይ የጽሕፈት መሣሪያ የምሸጠው ሙቢና። ይህን ከአላህ በቀር የምናውቀው እኔና አዲስ አበባ ያለው አሳታሚ ነን። የወንድ ስም የመረጥኩት ለገበያ ይሻላል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ታሪኩ ቀላል ነው። ኢንስፔክተር ጉቱ የሚባል ፖሊስ ለዓመት ፈቃዱ እህቱ ቤት ይመጣል። ሊያርፍ ነው። በሳምንቱ የከተማው ሀብታም የውድድር ፈረስ ይሰረቃል። ጉቱ «እኔ ፈቃድ ላይ ነኝ» እያለ ያገኘውን ሁሉ ይመረምራል፣ ሁሉንም በስህተት ይጠረጥራል፣ በመጨረሻ ፈረሱን የደበቀው ባለቤቱ ራሱ ሆኖ ይገኛል።

ወንድሜ ሚፍታም ኢንስፔክተር ነው። አምና ፈቃዱን እኔ ዘንድ ነው ያሳለፈው። ያኔ በቅቤ የታሸው የገብስ ጩኮ ጎድሏል ብሎ ከጎረቤት ሁሉ ቃል ተቀብሏል። ይህ ግን አጋጣሚ ነው። ደራሲ ከየትም ይለቅማል።

ሐምሌ 4

ሚፍታ ደወለ። «ሙቢ፣ ፈቃድ ወጥቻለሁ፤ ነገ እመጣለሁ» አለ።

አምና የመጣው በጥር ነበር። «በሐምሌ ጭቃ አሰላ ላይ ምን አለ?» አልኩት።

«ድንች» አለኝ።

መጽሐፎቹን በሙሉ ከመደርደሪያው አውርጄ ከካርቦን ወረቀቱ ሥር ከተትኳቸው። ለጠየቀኝ ሁሉ አልቋል እላለሁ።

ሐምሌ 5

መጣ። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ፣ ካፖርት፣ የልብስ ካውያ ሳይቀር። ለፈቃድ ካውያ ማን ይይዛል? ከስቷል። ምን ያህል እንደሚቆይ ስጠይቀው «እንደ ሁኔታው» አለ። ግድግዳው ላይ የሰቀላቸው ልብሶች ሁሉ የሲቪል ናቸው። መቼም ፈቃድ ላይ ያለ ሰው የደንብ ልብስ ምን ይሠራለታል።

ሲመሽ ሙሉዬ መጣች። ከመደብሬ ቀጥሎ ያለው ቁርስ ቤት የሷ ነው፤ የሰማችውን ሳታካፍል የምታድር ሴት አይደለችም። ከነጠላዋ ሥር መጽሐፉን አወጣች።

«ኢንስፔክተር፣ እስቲ ይቺን ያንብቡ። ሰውየው እርስዎን ነው ቁርጥ።»

የያዝኩት ሻይ ተደፋ።

ሐምሌ 9

በረንዳው ላይ ጋቢ ደርቦ እንደ ወንጀል መዝገብ ያነበዋል። አንድ ገጽ ያነብና መንገዱን ያያል፤ ሌላ ገጽ ያነብና እኔን ያያል። አንዴም አልሳቀም። የትኛው ገጽ ላይ እንደደረሰ ለማየት ስመላለስ «ሻይ አበዛሽብኝ» አለኝ።

ጩኮው ያለበት ምዕራፍ ላይ ደረሰ። ጉቱ እህቱን፣ ጎረቤቷንና የጎረቤቷን ድመት ሳይቀር የሚጠረጥርበት ነው። ወጥ ቤት ሆኜ ጆሮዬን ጣልኩ። ሚፍታ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ደፋው።

«ይሄ ጉቱ የሚባል ሰውዬ ጅል ነው።»

«ለምን?»

«ጩኮ ጠፋ ብሎ ሰው የሚመረምር ፖሊስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም አልኩ። በጾም በጸሎት ያደግኩ ሴት፣ ዓይኔን ሳላሽ አላውቅም አልኩ።

አሁን አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ሳስበው ሳቄ ይመጣል። ግን ደግሞ ይከፋኛል። ሰው እንዴት ራሱን አያውቅም? ወይስ አሳምሬ አልሣልኩትም?

ሐምሌ 13

ጨረሰው። ራት ላይ አስተያየቱን ሰጠኝ፤ ወጡ እስኪበርድ። ፖሊስ ጸጉር ቤት ውስጥ ቃል አይቀበልም። ፈረስ ያለ ዱካ አይጠፋም። የጉቱ እህት ደግሞ ብዙ ታወራለች።

«ብዙ አታወራም» አልኩት።

«አንብበሽዋል እንዴ?»

«ገለጥ ገለጥ አድርጌዋለሁ።»

ቁራሹን ወጥ ውስጥ ነክሮ ትንሽ አሰበ። «ደራሲው እዚሁ አሰላ ውስጥ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችውን አቋራጭ መንገድ ከዚህ ሰፈር ሰው በቀር የሚያውቃት የለም። አገኘዋለሁ።»

«ፈቃድ ላይ ነህ እኮ፤ እረፍ።»

«ፈቃድ ላይ ነኝ» አለና ሳቀ። ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት አሁን ነው። ስለዚህ ተው ማለት አቃተኝ።

ሐምሌ 14

ወንበር አምጥቶ መደብሬ ውስጥ ተቀመጠ። ደንበኛ በገባ ቁጥር «መጽሐፉን እንዴት አገኙት?» ይላል። ከካርቦኑ ሥር ያሉትንም አግኝቶ መልሶ ደረደራቸው። አላህ ይድረስልኝ።

ሐምሌ 17

ደራሲ ሆኖ ተደብቆ አስተያየት መስማት ማለት በራስ ለቅሶ ላይ እንግዳ ማስተናገድ ነው።

የባጃጅ ሹፌሩ ኢብሳ ፈረሱ እስኪሰረቅ ድረስ ደስ ብሎት አነበበ፤ ከዚያ ሚስቱ «ዳቦ ግዛ ብዬህ ረሳህ» ብላ መጽሐፉን ደበቀችበት። ሌባው ማን እንደሆነ እንድነግረው ለመነኝ። አልነገርኩትም። አንድ ሌላ ሰው ግን በነጻ ነገረው።

ነርሷ ማህደር ጎበዝ አንባቢ ናት፤ የሷን ቃል በጉጉት ነበር የጠበቅኩት። «ታሪኩ ይይዛል» አለች፤ ልቤ ሞቀ። ቀጠለችና «ግን ሴቶቹን አያውቃቸውም። ወንድ ስለጻፈው ነው» አለች። ስቴፕለሩን ባዶውን ስጫን ቆየሁ።

ሙሉዬ ደግሞ ተቀይማለች። ከተማው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ ገብቶ እሷ እንዴት ተዘለለች? «ቁርስ ቤት የሌለበት የአሰላ ታሪክ እንዴት ያለ ታሪክ ነው?» ወሬኛዋን ጠላ ሻጭ ያደረግኋት እሷኑ ነበር። አላወቀችም። እሷም እንደ ሚፍታ።

ከሁሉም የሚያበግነኝ ግን ያ የእጅ መታጠቡ ነገር ነው። ጉቱ በጨለማ አንድ ጥቁር ፈረስ ዳብሶ ይመለስና እጁን ሲታጠብ ውሃው ይጠቁራል። የጠፋው ፈረስ ዳማ ነበር፤ ባለቤቱ ጥላሸት ቀብቶ ነው ያጠቆረው። ይቺን አንድ መስመር ለመጻፍ ስንት ቀን ተጨንቄአለሁ። አንድም ሰው አላያትም። አንድም።

ሐምሌ 20

ሀሊሜ ደወለች፤ የሚፍታ ሚስት። «ሥራው አልበዛበትም? ማታ ማታ ያስወጡታል?» ብላ ጠየቀችኝ። የምን ሥራ? ልጠይቃት ስል ደንበኛ ገባ። ሀሊሜ ደግሞ ነገር ትረሳለች፤ ልጆቹም አድክመዋታል። ደህና ነው፣ ይበላል አልኳት። መብላቱንስ በደንብ አይበላም።

የሱ ስልክ አይጠራም። አምና በየሰዓቱ ይደወልለት ነበር። ሲያርፍ እንዲህ ነው ማረፍ።

ሐምሌ 24

ተጠርጣሪ ተገኘ።

ጋሽ ገብረ መድህን ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ ከተማውን በግማሽ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። መጽሐፉን በእርሳስ አርመው መጡ፤ ነጠላ ሰረዝ በጎደለበት ሁሉ ሰረዝ ጨምረዋል። ሚፍታ «ጋሽዬ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ የጻፉት?» አላቸው።

አሁን፣ አይደለሁም ማለት ምን ይከብዳል? እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ሰው በዕድሜው ብዙ ይጽፋል፤ ሁሉንም አይናገርም» አሉና ወጡ።

እስኪመሽ ወሬው አሰላን ዞሯል። ሙሉዬ እንጀራ ፍርፍር በነጻ አቀረበችላቸው፤ ለሳቸው። ለኔ የትናንቱን ሳምቡሳ ነው የምትሸጥልኝ።

ሐምሌ 28

ማህደር መንገድ ላይ ጋሽ ገብረ መድህንን አቅፋ ስትስም አየሁ። «ሴቶቹን ግን በጣም ነው የተረዷቸው» ስትል ሰማሁ። ወንድ ስለጻፈው አያውቃቸውም ያለችው እኮ እሷው ናት።

ምቀኛ አይደለሁም። እሳቸው ግን ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው የጨመሩት።

ነሐሴ 3

ከጮሌ የመጣ ገበሬ የድንበር ክርክር ማመልከቻውን ኮፒ ሊያስደርግ ገባ። ሚፍታ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። «ይህን ይዘህ ብትሄድ ይመልሱሃል» አለው። ተቀምጦ እንደ አዲስ ጻፈለት፤ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን ተደረገ። ሰውየው እጁን ይዞ አልለቅ አለ።

ከዚያ በኋላ ሚፍታ ደስ ብሎት ዋለ። ምሳውንም ጨረሰ።

ነሐሴ 6

አንድ የድሮ ባልደረባው ወደ አቦምሳ ሲያልፍ ሙሉዬ ጋ ቁርስ በላ። ሚፍታን በመስኮት አየው። ሚፍታም አየው። ሰውየው ፍርፍሩን ሳይጨርስ ሄደ። ቸኩሎ ይሆናል፤ መንገዱ ሩቅ ነው።

ሙሉዬ ቤት አንዱ ሲናገር ሰማሁ፤ «የፖሊስ ፈቃድ እንዲህ ይረዝማል እንዴ?» ሙሉዬ መለሰችለት፤ «ሲጠራቀም ይረዝማል።» ከዚያ ስገባ ሁለቱም ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ፍርፍር አዘዝኩ፤ የዛሬውን አቀረበችልኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ነሐሴ 9

ሚፍታ መጽሐፉን እንደገና እያነበበ ነው። «አንድ ነገር አልተዋጠልኝም» አለኝ። «መጨረሻው።»

«ምን ሆነ መጨረሻው?»

«ጉቱ ፈረሱን አገኘ፣ ሻንጣውን አሰረ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ ይላል። አይመለስም። ያን ሁሉ ካየ በኋላ ሰው ተመልሶ ያው ወንበር ላይ አይቀመጥም።»

«ታዲያ ምን ያድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እሱን ደራሲው ያውቃል» አለና ፊቱን ወደ ዝናቡ አዞረ።

ይህን አስተያየት ከሁሉም በላይ አሰብኩበት። ስለ መጽሐፉ ማለቴ ነው። ትክክል ሳይሆን አይቀርም፤ መጨረሻውን ቸኩዬ ነው የጻፍኩት።

ሀሊሜ ዳግመኛ ደወለች። አላነሳሁም።

ነሐሴ 15

እሁድ ሙሉዬ ቤት ስብሰባ አለ። ሚፍታ ደራሲውን በይፋ ያስታውቃል። ሙሉዬ ወንበር እየተዋሰች ነው። ጋሽ ገብረ መድህን ኮታቸውን አስተኩሰዋል፤ በኛው ካውያ።

እፎይ ልል ይገባኝ ነበር። ምስጢሬ ለዘላለም ተከደነ ማለት ነው። ታዲያ ለምን እንቅልፍ እምቢ አለኝ?

ነሐሴ 18

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ቁርስ ቤቱ ጢም ብሏል። ኢብሳ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባ፤ ማህደር ከፊት ተቀመጠች። እኔ ከኋላ፣ ከለስላሳ ሳጥኑ ጎን። ሚፍታ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ቆመ። ለካ ሲቆም ያምርበታል። ድምፁ ሳይቀር ተለወጠ።

«ደራሲው የዚህ ሰፈር ሰው ነው» ብሎ ጀመረ። አቋራጯን መንገድ ጠቀሰ። ወረቀትና ቀለም አጠገቡ ያለ ሰው ነው አለ። የሰው ወሬ ቀኑን ሙሉ የሚሰማ፣ ፖሊስ በቅርብ የሚያውቅ ሰው ነው አለ። እያንዳንዱ ቃል ወደኔ ይመጣል፤ ከሳጥኑ ጎን እየሰመጥኩ ሄድኩ።

ከዚያ ዞረ። «እንግዲህ ወረቀት አጠገቡ ያለ፣ ብዙ ተማሪ ያፈራ፣ ከነሱም ፖሊስ የሆኑ ያሉት ሰው ጋሽ ገብረ መድህን ናቸው።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ ገብረ መድህን ብድግ ብለው እጅ ነሱ። እኔም አጨበጨብኩ። ዋላሂ አጨበጨብኩ፤ መዳፌ እስኪነድ።

ሚፍታ እጁን አንስቶ ዝም አሰኘን። «ማስረጃው ምን መሰላችሁ? የዕድሜ ነገር ነው። መርሳት አለ። ደራሲው መጀመሪያ ፈረሱ ዳማ ነው ይላል፤ በኋላ ጉቱ በጨለማ ሲዳብሰው ጥቁር ነው ይላል። የራሱን ፈረስ መልክ የሚረሳ ደራሲ፣ ያረጀ ደራሲ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ማህደር ሳቀች። ጋሽ ገብረ መድህን እንኳ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ «እውነት ነው፣ አምልጦኛል» አሉ።

አምልጦኛል አሉ።

«አልተረሳም» አልኩ። ቆሜያለሁ ለካ። «ጥላሸት ተቀብቶ ነው። ጉቱ እጁን ሲታጠብ ውሃው ጠቆረ ብዬ ጽፌያለሁ እኮ፤ ማንም አያነብም እንዴ?»

ጣሪያው ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

ሚፍታ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ብዬ ጽፌያለሁ» አለ፤ ቃል እንደሚያስመዘግብ ሰው። «ይኸው ነው።»

ማህደር አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ገብረ መድህን ሳይደነግጡ ኮታቸውን ቆለፉና «እኔ ጻፍኩ የሚል ቃል አንድም ቀን አልወጣኝም» አሉ። እውነትም አልወጣቸውም። ሙሉዬ ግን በሰው መሐል እየተጋፋች መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«አንቺ፣ ጠላ ሻጯ እኔ ነኝ?»

ዓይኔን ወደ ለስላሳ ሳጥኑ አዞርኩ።

«አውቄ ነበር» አለች። ደስ ብሏታል። አሁን ጠላ ሻጯ ያለችበትን ገጽ ለሁሉም እያነበበችላቸው ነው።

ነሐሴ 19

ትናንት እጄ ደክሞ ያልጻፍኩት ቀርቷል።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ጃንጥላ ነበረን። «መቼ ነው ያወቅኸው?» አልኩት።

«ጩኮው ላይ። ድመቷ ሳትቀር መጠርጠሯን ከኔና ካንቺ በቀር ማን ያውቃል?»

«ታዲያ ጅል ነው አልክ።»

«ምን ልበል? ከዚያ ምዕራፍ በኋላ ሦስት ቀን ስለ መጽሐፉ አልተናገርኩም። ከዚያ ደግሞ ደራሲ ፍለጋው ደስ አለኝ። ጠዋት የምነሳለት ነገር አገኘሁ።»

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ቆመ። ወደኔ ሳያይ ነገረኝ። አንድ ልጅ ሰርቋል ተብሎ ታስሮ ነበር። ሚፍታ መረመረና አልሰረቀም ብሎ ፈረመ። የተፈለገው ፊርማ ግን ያ አልነበረም። ከምርመራ አንስተው ዕቃ ግምጃ ቤት አደረጉት፤ የጎማ ቁጥር እንዲመዘግብ። አንድ ቀን ወጣ፣ አልተመለሰም። ለኔ ፈቃድ ነው አለኝ፤ ለሀሊሜ ለሥራ አሰላ ተልኬአለሁ አላት።

«አንቺ ደራሲ ነሽ፤ አንቺ ንገሪያት» አለኝ።

«እኔ የምችለው ውሸት ብቻ ነው። ይህን አንተ ንገራት።»

መጽሐፉ ውስጥ ሁሌ እንዲሳሳት አድርጌዋለሁ። ሰው እንዲስቅ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ነሐሴ 20

ደወለላት። በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ብዙ አላወራም፤ ብዙ ሰማ። ሲጨርስ ዓይኑ ቀልቷል። «ታውቅ ነበር» አለኝ።

ጳጉሜ 2

ሀሊሜ ከልጆቹ ጋር መጣች። ከሚኒባሱ ወርዳ ሳትቀመጥ ነገረችኝ። ባልደረባው የቢሮ ዕቃውን በካርቶን ቤት አምጥቶላት የነበረው ገና ሐምሌ ሳይጋመስ ነው። «ራሱ እስኪነግረኝ ጠበቅሁት» አለች።

«ታዲያ ሥራ በዝቶበታል ወይ እያልሽ የምትጠይቂኝ ለምን ነበር?»

«ይበላል ወይ ብዬ ብጠይቅሽ ሁሌም ይበላል ነው የምትይው። ሥራ ስልሽ ነው ድምፅሽ የሚለወጠው።»

እና ነገር ትረሳለች ብዬ ነበር። ከቤታችን መርማሪዋ ለካ እሷ ናት።

መጽሐፉንም አንብባዋለች። ጥሩ ነው አለች። «ጉቱ ግን ሚስት የለውም። ሁለተኛ ስትጽፊ አስቢበት።» አስብበታለሁ አልኳት። ሚፍታ ሰማይ ሰማይ ያያል።

መስከረም 9

ትምህርት ሊከፈት ነው፤ መደብሩ ተጨናንቋል። ደብተር፣ እርሳስ፣ የደብተር ልባስ። ለመጻፍ ጊዜ የለም። ግን የዛሬውን ካልጻፍኩ ያመልጠኛል።

ሚፍታ በሩ አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ አለችው። ማመልከቻ ይጽፋል። ከየገጠሩ ይመጡለታል፤ ያ የጮሌው ገበሬ አስወርቶለታል። ሀሊሜ ደግሞ ለልጆቹ ትምህርት ቤት አግኝታለች።

ዛሬ ከኦጎልቾ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ በሬያቸው ተሰርቆ። ሚፍታ በጥንቃቄ ጻፈላቸው፤ በሚያምር እጅ ጽሑፉ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበላቸው። ለማመልከቻ ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው አይቼ አላውቅም። ሽማግሌው ዱላቸው ላይ ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ጥሩ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ግን በሬዬ በጣም ዘግይቶ ነው የመጣው። ከበሬው ጀምረው።»

«አባቴ፣ ማመልከቻ በስምና በአድራሻ ነው የሚጀምረው።»

«የተሰረቀው በሬዬ ነው እንጂ አድራሻዬ አይደለም።»

የሚፍታ ጆሮ ቀላ። ወደኔ ዞረ። እኔ ደብተር ቆጠራ ላይ ነኝ፤ ቀና አላልኩም፤ ትከሻዬ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ሕጉ ነው እኮ» አላቸው።

«አንብቤ አላውቅም፤ መስማት ግን እችላለሁ» አሉ ሽማግሌው። «እንዲህ ካነበብክላቸው በሬው ሳይደርስ ዳኛው ይተኛል።»

ሚፍታ እስክሪብቶውን ከደነ። ወረቀቱን አየው። አጣጥፎ ወደ ጎን አደረገው። ከዚያ አዲስ ወረቀት ሳበና እስክሪብቶውን ከፈተ።

«በሬው መልኩ ምን ነበር፣ አባቴ?»